ሁለት ቀን መርጬ አንዱ ብቻ የሚጮኸው ለምንድን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ሸዋ ሮቢት አጠገብ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። የውሃ ተራቸው ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት እና ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ተራው ካለፈ መጠበቅ ነው። ስለዚህ በኮትሊን አንድ የአንድሮይድ አፕ ሠርቼ ለአባቴና ለጎረቤቶቻችን ኤፒኬውን (የመጫኛ ፋይሉን) በቴሌግራም ላክሁላቸው። ቀንና ሰዓት ያስመርጣል፤ ከዚያ «ሴት ሪፒቲንግ» በሚባለው የድግግሞሽ ትእዛዝ በየ7 ቀኑ እንዲጮህ አደርገዋለሁ። ግን ሁለት ቀን ስመርጥ የኋለኛው ብቻ ይጮሃል። አንዳንዴ ገና ሴቭ ሳደርገው ይጮሃል። ሌሊት ላይ ይዘገያል፤ አንዴ 40 ደቂቃ ዘግይቷል። የአባቴ ስልክ ላይ ደግሞ ጳጉሜ መጨረሻ ላይ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ጭራሽ አይጮህም። አዲስ ዓመት ሲገባ የእኛ ካላንደር ከፈረንጁ ጋር ሳይጋጭ አልቀረም ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ወርክ ማናጀር ልጠቀም? ወይስ ከሰርቨር ልላክላቸው?»

ከካላንደሩ ልጀምር። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሳምንት ወርንም ዓመትንም አያውቅም። ጳጉሜ 5 ትሁን 6፣ ሰባቱ ቀኖች ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ። ጳጉሜ 5 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር፤ ማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ሆነ። በፈረንጁም ሴፕቴምበር 10 ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 11 ሐሙስ ነው። አንድ ቀን እንኳ አልተዛነፈም። ስለዚህ ለሳምንታዊ ደወል የካላንደር መቀየሪያ ላይብረሪ አያስፈልግህም። አስገብተህ ከሆነ ቀኑን ለማሳየት ብቻ ተጠቀምበት፤ ደወሉን በምታሰላበት ኮድ ውስጥ ግን አይግባ።

የአባትህን ስልክ ዝም ያሰኘውን ራስህ ጽፈኸው አልፈኸዋል፦ መብራቱ ነው። መብራት ጠፋ፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ተዘጋ፣ መብራት ሲመጣ ቻርጅ ተደርጎ በራ። አንድሮይድ ስልክ ጠፍቶ ሲበራ አፖች ያስመዘገቡትን አላርም በሙሉ ይረሳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሲሠራም እንዲህ ተብሎ ነው የተሠራው። ስልኩ ሲበራ «ቡት ኮምፕሊትድ» የሚል መልእክት ይልካል። ያንን ሰምቶ አላርሙን መልሶ የሚያስመዘግብ ሪሲቨር (መልእክት ተቀባይ ኮድ) ያንተ አፕ ውስጥ የለም። አባትህ አፑን ከፍተው ሰኞንና ሐሙስን እንደገና ካልመረጡ፣ እስከ ሚቀጥለው ጳጉሜም አይጮህም።

ከሌሎቹ ችግሮች በፊት ግን አንድ ነገር ይስተካከል። አላርም ማናጀር የሚባለውን የአንድሮይድ ደወል መዝጋቢ እንደ ደወል ሰዓት አድርገህ ነው የያዝከው። አይደለም። ሰኞን አያውቅም፣ ሐሙስን አያውቅም፣ «በየሳምንቱ» የሚባል ነገርም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የሚሊሰከንድ ቁጥር ነው። «ይህ ቁጥር ሲደርስ ይህን ፔንዲንግ ኢንተንት (ሰዓቱ ሲደርስ የሚፈጸም የተቀመጠ ትእዛዝ) ልቀቅልኝ» ትለዋለህ፣ ይለቅልሃል። በየሳምንቱ የሚባለው ሐሳብ መኖር ያለበት አንተ ዳታቤዝ ውስጥ ብቻ ነው። የዘረዘርካቸው ችግሮች ሁሉ ከሞላ ጎደል ይህን ሥራ ለስልኩ ከማስረከብ የመጡ ናቸው።

ሁለት ቀን መርጠህ የኋለኛው ብቻ የሚጮኸው እንዲህ ነው። ለሰኞ አንድ ፔንዲንግ ኢንተንት ትሠራለህ፤ ለሐሙስ ሌላ። ላንተ ሁለት ናቸው፣ ምክንያቱም ኤክስትራው (አብሮ የሚላከው ተጨማሪ መረጃ) ውስጥ አንዱ ላይ ሰኞ፣ ሌላው ላይ ሐሙስ ብለህ ጽፈሃል። አንድሮይድ ግን ሁለት ኢንተንት አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም ብሎ ሲያመዛዝን ኤክስትራውን ከነጭራሹ አያይም። አክሽኑን፣ ዳታውን፣ ክላሱንና የመሳሰሉትን ነው የሚያየው፤ ከዚያ ሪክዌስት ኮዱን፣ አንተ የምትሰጠውን መለያ ቁጥር። አንተ በሁለቱም ላይ ሪክዌስት ኮድ 0 ሰጥተህ ከሆነ፣ እንደጠረጠርኩት ከሆነ ማለት ነው፣ ሐሙስ መጥቶ የሰኞን ቦታ ወሰደ። ብዙ ሰው ለየቀኑ የተለያየ ሪክዌስት ኮድ በመስጠት ይገላገለዋል። ይሠራል። እኔ ግን ሌላ መንገድ ነው የምመክርህ፤ ዝቅ ብዬ እመጣበታለሁ።

ገና ሴቭ ሲደረግ የሚጮኸው ያለፈ ሰዓት ስለምትሰጠው ነው። ካሌንደር የሚባለው የድሮው የጃቫ ክላስ ላይ ማክሰኞ ቀን ሆነህ «ሰኞ አድርገው» ብትለው፣ የሚሰጥህ መጪውን ሰኞ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ውስጥ ያለውን፣ ማለትም ትናንትን ነው። አላርም ማናጀር ያለፈ ሰዓት ሲሰጠው አይቆጣም፣ እዚያው ይለቀዋል። እሑድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ሳምንቱ ከእሑድ ይጀምር ወይስ ከሰኞ የሚለው በስልኩ ቋንቋና አገር ምርጫ ይለያያል፤ ስለዚህ ያው ኮድ አንዱ ስልክ ላይ ያለፈውን እሑድ፣ ሌላው ላይ መጪውን ይሰጣል። ቁጥሩም ወጥመድ አለው። በካሌንደር እሑድ 1 ነው፣ ቅዳሜ 7። በአዲሱ ጃቫ ታይም ሰኞ 1 ነው፣ እሑድ 7። ሁለቱን ያደባለቀ አፕ በአንድ ቀን እየሳተ ይጮሃል። ካሌንደርን ተወውና ጃቫ ታይም ላይ ብቻ ቁም። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ በስልኩ ውስጥ አለ፤ ከዚያ በታች ላሉ ስልኮች ዲሹገሪንግ የሚባለውን አማራጭ ግሬድል (አፑን የሚገነባው መሣሪያ) ላይ ታበራለህ።

ሌሊት መዘግየቱ ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ሴት ሪፒቲንግ ራሱ ነው። ከአንድሮይድ 4.4 ጀምሮ ትክክለኛ ሰዓት ላይ እንዲለቅ አይገደድም። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ የብዙ አፖችን አላርም ሰብስቦ አንድ ላይ ይለቃል፤ ያንተም እዚያ ውስጥ ገብቶ ወረፋ ይጠብቃል። ሁለተኛው ዶዝ የሚባለው እንቅልፍ ነው። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልክ ቻርጅ ላይ ሳይሆን፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ ወደዚያ ይገባል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የገበሬ ስልክ የት ነው? ራስጌ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ዶዝ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቀን ላይ እጅህ ይዘኸው ስትሞክረው በሰዓቱ የሚጮኸውና ሌሊት የሚዘገየው ለዚህ ነው። 40 ደቂቃው አይግረምህ።

ወርክ ማናጀር ለዚህ አይሆንም። እሱ «ዛሬ ወይም ነገ፣ ሲመቸው ይሠራ» ለሚባል ሥራ ነው፤ ዳታ ለመላክ፣ ፎቶ ለመጫን። ሰዓት አክብር ብለህ ልታስገድደው አትችልም። ሰርቨሩንም ተወው። ከሰርቨር የሚላክ ማሳወቂያ ኔትወርክ ይፈልጋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኔትወርክ ከሌለ፣ ወይ አባትህ ዳታ አጥፍተው ከተኙ መልእክቱ ጠዋት ይደርሳል። ውሃው ግን ለሚቀጥለው ባለተራ ሄዷል። ሰርቨር የሚያስፈልግህ የተራ ድልድሉ ሲቀየር አዲሱን ዝርዝር ለማድረስ ብቻ ነው። ደወሉ ከስልኩ ውስጥ ይነሳ።

አሁን ወደ ምክሬ። ሴት ሪፒቲንግን ሙሉ በሙሉ አውጣው። ዳታቤዝ ውስጥ ሕጉን ብቻ አስቀምጥ፦ የትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ በርቷል ወይስ ጠፍቷል። ለስልኩ ደግሞ አንድ ደወል ብቻ ስጠው፤ ከሁሉም ሕጎች መካከል ቀድሞ የሚደርሰውን። እሱ ሲጮህ ቀጥሎ ያለውን ታሰላለህ፣ ታስመዘግባለህ። ተራ የሚያስከብረው የውሃ አባት ቦይ ላይ ቆሞ የወሩን ዝርዝር አይጮህም፤ ቀጥሎ ባለተራው ማን እንደሆነ ይጠራል፣ ያ ሲጨርስ ሌላውን ይጠራል። አንተም እንደዚያ አድርግ። በዚህ አካሄድ ሪክዌስት ኮድ የሚባል ጭንቀት ይቀራል። አንድ ፔንዲንግ ኢንተንት ብቻ ስላለህ አዲሱ አሮጌውን መተካቱ ጉዳት መሆኑ ቀርቶ የምትፈልገው ነገር ይሆናል። ሁለት ሕጎች በአንድ ደቂቃ ላይ ከገጠሙ ሲጮህ ሁለቱንም አንድ ላይ ታሳያለህ።

ስሌቱ አጭር ነው። የዛሬን ቀን ውሰድ። በጃቫ ታይም «ኔክስት ኦር ሴም» የሚባለው ዛሬ ራሱ ሰኞ ከሆነ ዛሬን፣ ካልሆነ መጪውን ሰኞ ይሰጥሃል። ሰዓቱን ጨምርበት። ውጤቱ ካሁኗ ቅጽበት ያልበለጠ ከሆነ አንድ ሳምንት ጨምር። አለቀ። ሳምንት ስትጨምር ግን «ፕላስ ዊክስ» በል እንጂ በሚሊሰከንድ አታባዛ። እርግጥ የእኛ አገር ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድም ነው፤ በበጋም በክረምትም አይቀያየርም፤ ስለዚህ ሳምንት ሁልጊዜ 168 ሰዓት ነው። ሆኖም 7 ቀን በሚሊሰከንድ 604,800,000 ሲሆን ኢንት በሚባለው መጠኑ የተወሰነ የቁጥር ዓይነት ውስጥ ይገባል፤ ነገ «በየ4 ሳምንቱ» ብለህ በ4 ስታባዛው 2,419,200,000 ይሆንና ከኢንት አቅም ያልፋል። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ኔጌቲቭ ደግሞ ያለፈ ሰዓት ነው፤ ደወሉም ወዲያው ይጮሃል። ይህን ስህተት ኮዱን አሥር ጊዜ አንብበህም አታየውም።

ሌላው ጥንቃቄ፦ ቀጣዩን ደወል ስታሰላ ከተጮኸበት ቅጽበት 7 ቀን እየቆጠርክ አይሁን። ዛሬ 4 ደቂቃ ከዘገየ በሚቀጥለው ሳምንት ከ4 ደቂቃው ላይ ይጀምራል፣ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሁልጊዜ ወደ ሕጉ ተመለስ። «አንድ 10 ደቂቃ ቆይ» የሚለው ቁልፍም ሕጉን እንዳይነካ። እሱ ብቻ የራሱ ሪክዌስት ኮድ ያለው፣ የአንድ ጊዜ ደወል ይሁን።

ይህን ስሌት የያዘ አንድ ፈንክሽን ይኑርህና ከየቦታው እሱኑ ጥራ። አፑ ሲከፈት፣ ሕግ ሲጨመር ወይም ሲሰረዝ፣ ደወሉ ሲጮህ፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ፣ የስልኩ ሰዓት ወይም የሰዓት ቀጠና ሲቀየር፣ አፑ ሲታደስ። ደጋግሞ መጠራቱ ጉዳት የለውም፤ ያንኑ ደወል መልሶ ያስመዘግባል፣ በቃ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ስልኩ የሚስጥር ቁጥር ካለው ቡት ኮምፕሊትድ የሚመጣው ባለቤቱ ከፍቶ ከገባ በኋላ ነው። ሌሊት መብራት መጥቶ ስልኩ ቢበራና ማንም ባይከፍተው አፕህ አልሰማም ማለት ነው። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ «ሎክድ ቡት ኮምፕሊትድ» አለ። ለዚያ ሪሲቨሩን ዳይሬክት ቡት አዌር (ስልኩ ሳይከፈት መሥራት የሚችል) ማድረግና ሕጎቹን ስልኩ ሳይከፈትም በሚነበበው ማከማቻ ላይ ማስቀመጥ ይጠበቅብሃል። የውሃ ተራ አፕ ከሆነ ይህን ጣጣ መውጣት ይገባዋል ባይ ነኝ።

ለማስመዝገቢያ የምትጠራው «ሴት አላርም ክሎክ» ይሁን። በስሙ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሌሎች አሉ። «ሴት ኤግዛክት አንድ አላው ዋይል አይድል» የሚባለውም ዶዝን ያልፋል፤ ግን ለአንድ አፕ በ9 ደቂቃ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይለቅም፣ ሌላም ገደብ ሊጣልበት ይችላል። ሴት አላርም ክሎክ ግን ለስልኩ «ይህ ሰው የሚጠብቀው ደወል ነው» ብሎ ይነግረዋል፤ ስልኩ ሰዓቱ ሳይደርስ ከዶዝ ይወጣል። ላይኛው ጠርዝ ላይም ትንሿ የደወል ምልክት ትታያለች። አባትህ ከመተኛታቸው በፊት ያቺን ምልክት ካዩ ተመዝግቧል፤ ካላዩ አልተመዘገበም። ለማያነብ ሰው እንኳ የምትገባ ማረጋገጫ ናት።

ፈቃድ ላይ ብዙዎች ይወድቃሉ። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ በትክክለኛ ሰዓት የሚጮህ ደወል ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ስኬጁል ኤግዛክት አላርም» ነው፤ ተጠቃሚው ሴቲንግ ገብቶ ሊያጠፋው ይችላል። አንድሮይድ 14 ላይ ደግሞ አዲስ ለተጫነ፣ ለአንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ ለተዘጋጀ አፕ ከመጀመሪያውም ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሌላው «ዩዝ ኤግዛክት አላርም» ነው፤ አንድሮይድ 13 ላይ የመጣ ሲሆን አፑ ሲጫን አብሮ ይሰጣል፣ ማንም አያጠፋውም። ፕሌይ ስቶር ይህን የሚፈቅደው ዋና ሥራቸው ደወል ወይም ካላንደር ለሆነ አፖች ነው። ያንተ ዋና ሥራው ደወል ነው፤ ስለዚህ ለ13 እና ከዚያ በላይ ይህንን ማኒፌስት (የአፑ ፈቃዶች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ጻፍ፣ ለ12 ደግሞ የመጀመሪያውን። ያለ ፈቃድ ከጠራኸው አፑ ይሰናከላል፤ ከመጥራትህ በፊት መፈቀዱን ጠይቅ። ከዚህ ውጭ አንድሮይድ 13 ማሳወቂያ ለማሳየት ራሱን የቻለ ፈቃድ ይፈልጋል። ተጠቃሚው «አልፈቅድም» ካለ ኮድህ በሰዓቱ ይነሳል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም አይታይም። ለአረጋውያን አፑን ስትጭንላቸው አብረህ ቁጭ ብለህ ፈቃዱን ራስህ ተጭነህ ውጣ።

ድምፁን በተራ ማሳወቂያ ድምፅ አታድርገው። ሰው ስልኩን ሳይለንት አድርጎ ይተኛል። ድምፁ በአላርም መስመር እንዲወጣ አድርገህ አጫውት። አንድ ጊዜ የፈጠርከው የማሳወቂያ ቻናል ድምፅ በኮድ እንደማይቀየርም እወቅ። ድምፅ ስትለውጥ አዲስ ቻናል በአዲስ መለያ ፍጠር፤ አለበለዚያ «ቀየርኩት፣ አሁንም ያው ነው» እያልክ ፀጉርህን ትነጫለህ።

አሁን ያልጠየቅኸኝ፣ ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነገር። «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» ብለሃል። የትኛው ነው? ሐሙስ ውሎ ከመሸ በኋላ ያለው ነው? ከሆነ በስልኩ አቆጣጠር ዓርብ 2:00 ነው፤ ምክንያቱም ስልኩ ቀን የሚቀይረው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ወይስ ለሐሙስ አጥቢያ ነው? ያ ከሆነ ሐሙስ 2:00 ነው። አንዱ ገበሬ እንዲህ ሲል ሌላው እንዲያ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ሙሉ 24 ሰዓት አለ። አፕህ ሐሙስንና 8ን ለየብቻ ተቀብሎ ዝም ብሎ ካጣመራቸው ለግማሹ ተጠቃሚ በቀን ተሳስቶ ይጮሃል። አባትህን አታስገምታቸው። ቀኑንና ሌሊቱን ከመረጡ በኋላ «ሐሙስ አምሽቶ፣ ዓርብ ሳይነጋ» ወይም «ረቡዕ አምሽቶ፣ ሐሙስ ሳይነጋ» ብለህ ሁለት ቁልፍ አሳያቸው፣ አንዱን ይጫኑ። ከዚያም ከታች «ቀጣዩ ደወል ከ2 ቀን ከ5 ሰዓት በኋላ» ብለህ ጻፍ። ሰው ቀን ሊምታታበት ይችላል፤ ስንት ሌሊት እንደቀረው ግን ያውቃል።

ሰዓቱን ወደ ስልኩ አቆጣጠር ስትቀይር ቀን ከሆነ የሰዓቱን ቁጥር ለ12 አካፍለህ ቀሪው ላይ 6 ደምር። ጠዋት 1 ሰዓት 7 ይሆናል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ቀሪው 0 ስለሆነ 6 ይሆናል። ሌሊት ከሆነ ቀሪው ላይ 18 ደምር፣ ከ24 ካለፈ ወይም እኩል ከሆነ 24 ቀንስ። ሌሊት 8 ሰዓት 26 ሆኖ 2 ይሆናል። 24 የቀነስክላቸው ሰዓቶች፣ ከሌሊት 6 እስከ 11 ያሉት ማለት ነው፣ ስልኩ ላይ የማግስቱ ቀን ናቸው። የቀኑ ጥያቄ የሚነሳው በነዚህ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ቁልፎች ለሌላው ሰዓት አታሳይ።

ሌላ የአገራችን ጉድ አለ። አንዳንድ ሰው ስልኩ የሐበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደኋላ ይጎትተዋል። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ አፕህ ትክክል ሆኖ ሳለ በ6 ሰዓት ዘግይቶ ይጮሃል። አፑ ሲከፈት ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርክ በራሱ የሚወስድ መሆኑን አንብብ፤ ካልሆነ በቀይ አስጠንቅቅ። የተሳሳተበት ልክ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። በትክክል 6 ሰዓት ከሳተ የሐበሻና የፈረንጅ ሰዓት ተምታቷል። በትክክል 3 ሰዓት ከሳተ ኮድህ በግሪንዊች ሰዓት እያሰላ ነው። 12 ከሆነ ቀንና ሌሊት ተለዋውጧል። አንድ ሙሉ ቀን ከሆነ የሌሊቱ ጉዳይ ወይም የቀን ቁጥሩ ነው። የተዘበራረቀ ደቂቃ ከሆነ ዶዝን ፈልግ።

የሰዓት ቀጠናው «አፍሪካ አዲስ አበባ» ተብሎ ይቆለፍ። ለግል የመነሻ ሰዓት የስልኩን ቀጠና መከተል ይሻላል፤ የውሃ ተራ ግን የቦታው ነው። ሮቢት ያለውን ማሳ ከዱባይ ሆኖ በስልክ የሚያስተዳድር ልጅ ቢኖር ደወሉ የሚያስፈልገው ሮቢት ላይ 8 ሰዓት ሲሆን ነው።

የሳምንት ሕግ ሲባል ሳይቀር የሚደጋገም እንዳይመስልህ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ሃምሳ ግን አይጾምም። የውሃ ተራም እንዲሁ ነው። ቦይ ሲጠረግ ይቆማል፣ በዓል ሲውል ይቀያየራሉ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይለቃል። ሴት ሪፒቲንግ ላይ አንድ ሳምንት ብቻ መዝለል አትችልም፤ ከነጭራሹ ማጥፋት ነው። አንድ አንድ ደወል እያሰላህ ከሄድክ ግን «የዚህን ሳምንት ብቻ ዝለል» የሚል የቀኖች ዝርዝር ከሕጉ ጎን ታስቀምጣለህ፣ ስሌቱ ያንን ቀን ካገኘ ወደሚቀጥለው ሳምንት ያልፋል። ይህን ከመጀመሪያው አስገባ፤ ሰው ደወሉን ለአንድ ሳምንት ብሎ አጥፍቶ መልሶ ማብራቱን ይረሳል።

የማይፈታው ነገርም አለ። የጠፋ ስልክ አይጮህም። ባትሪ ሳያልቅ አስቀድመህ፣ የሌሊት ተራ ባለበት ዕለት ማታ 2 ሰዓት ላይ «ሌሊት ተራ አለ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጉ» የሚል ቀለል ያለ ማሳወቂያ ብትልክ ይረዳል። ስልኩ ጠፍቶ ተራው ካለፈ ሲበራ «የሌሊት 8ቱ አልፏል» ብሎ ይንገር እንጂ ዘግይቶ አይጩህ። ተጠቃሚው ሴቲንግ ገብቶ አፑን በግድ ካስቆመው ደወሉ ይሰረዛል፤ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ አይመለስም። አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ደግሞ ባትሪ እናድናለን ብለው አፕን ከኋላ ይገድላሉ። ለነዚያ የባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አፑን ነፃ ማድረግና በራሱ እንዲነሳ መፍቀድ ነው። ከኮድ የምታደርገው ነገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ውሃውን በዚህ አፕ ብቻ አትመኑ፤ ለሌሊት ተራ በሁለት የቤተሰብ አባላት ስልክ ላይ ጫነው።

ሳምንት እየጠበቅክ አትሞክር። ስልኩን በኬብል አያይዘህ በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር የሚያዝዝ መሣሪያ) «ደምፕሲስ አላርም» ብትል የተመዘገበውን ደወል ከነሰዓቱ ያሳይሃል፤ ያንተ አፕ አንድ መስመር ብቻ ሊኖረው ይገባል። በዚያው በኤዲቢ ዶዝ ውስጥ አስገድደህ አስገባው፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚጮህ ሕግ ሰጥተህ ጠብቅ። ከዚያ ስልኩን አጥፍተህ አብራው፣ ሳትከፍተው ምልክቷ መመለሷን እይ። በመጨረሻ ሰዓቱን በእጅህ ወደ እሑድ ሌሊት 5:59 (በስልኩ 23:59) ወስደህ ወደ ሰኞ ሲሻገር ተመልከት። እነዚህን አራቱን ካለፈ አዲሱን ኤፒኬ ለአባትህ ላክላቸው፤ ከጫኑት በኋላም አንዴ እንዲከፍቱት ንገራቸው።